የመጋዚ ጸሐፍት ሕይወትና የዘገባቸው ሚዛን

ረመዳን 17 በደረሰ ቁጥር በመስጊዶቻችንና በመድረሳዎቻችን የበድር ዘመቻ ይወሳል። የሙስሊሞቹ ቁጥር፣ የውኃው ጉድጓድ፣ በሁለቱም ወገን የወደቁት ሰዎች ስም፣ የምርኮኞቹ ጉዳይ በዝርዝር ይነገራል። ከዚህ ዝርዝር ከፊሉ በቁርኣን፣ ከፊሉም በሰሒሕ ሐዲሥ የጸና ነው። ብዙው ግን ወደ እኛ የደረሰው የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመቻዎች፣ ማለትም መጋዚን፣ ለመሰብሰብ ዕድሜያቸውን በሰጡ ጥቂት ሊቃውንት እጅ ነው። ኹጥባ አድራጊውም ሆነ አስተማሪው የሰሓባዎቹን ስም በጥንቃቄ ይጠራል፤ ዘገባውን የሰበሰበው ሰው ማን እንደነበረ፣ በምን ይተዳደር እንደነበረ፣ ከማን ሰምቶ ለማን እንደጻፈ ግን እምብዛም አያነሣም።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የዘመቻ ታሪክ ጸሐፊ የኖረው ሕይወትና የያዘው ሥራ የዘገባው መመዘኛ ክፍል ነው። ቀደምት ዑለማ ይህን መዝነውታል፤ ሚዛናቸውንም በመጻሕፍታቸው ትተውልናል። እኛ ግን በሦስት መንገድ ዘንግተነዋል። አንዳንዶቻችን ዘገባውን ሁሉ ያለ ጥያቄ ከሚንበር እናወርዳለን። ሌሎቻችን ስለ ዘጋቢዎች ትችት ጥቂት ከቀራን በኋላ የአንድን ጸሐፊ ድካም ሰምተን መጽሐፉን ጨርሶ እንዘጋለን። የገዛ አገራችንን ጦርነቶች የጻፉትን ሰዎች በተመለከተ ደግሞ ሚዛኑን ከነጭራሹ አናወጣውም። ሦስተኛው ስሕተት ዛሬ ከጎረቤቶቻችን ጋር ያለንን ኑሮ የሚነካ በመሆኑ ወደ እርሱ ለመድረስ ከመጀመሪያዎቹ ጸሐፍት እንጀምራለን።

ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር፦ ለወንድማቸው ጠላት የጻፉ ዓሊም

የዑርዋ አባት ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሰሓባዎች አንዱ ናቸው። ኢብኑ ኢስሐቅ በእናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ሰነድ እንዳስተላለፉት፣ ነጃሺ ከተቀናቃኛቸው ጋር በገጠሙ ጊዜ ስደተኞቹ የውጊያውን ውጤት አይቶ የሚነግራቸው ሰው ፈለጉ። ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሹ የነበሩት ዙበይር የተነፋ አቁማዳ ከደረታቸው በታች አድርገው የዓባይን ውኃ በዋና ተሻገሩ፤ ውጊያውን በዐይናቸው ተመልክተውም ልብሳቸውን እያውለበለቡ የነጃሺን ድል አበሠሩ። በእኛ ምድር ስለተደረገ ውጊያ በሲራ መጻሕፍት የተመዘገበው ይህ ዘገባ ከሥፍራው የመጣ ምስክር ምን ያህል ይፈለግ እንደነበር ያሳያል።

ልጃቸው ዑርዋ (በ94 ዓ.ሂ. ያረፉ) ከመዲና ሰባቱ ፉቀሃዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ከአክስታቸው ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ብዙ ዘግበዋል። በሐርራ ቀን፣ በ63 ዓ.ሂ.፣ የፊቅህ መጻሕፍታቸውን አቃጥለው ኋላ መጸጸታቸው ይታወቃል። ወንድማቸው ዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር (ረ.ዐ.) በ73 ዓ.ሂ. በመካ የተገደሉት በኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ኢብኑ መርዋን ሠራዊት ነው። ይኸው ኸሊፋ ኋላ ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ዑርዋን በጽሑፍ ጠየቀ፤ ዑርዋም መለሱለት። ኢማም ጠበሪ በታሪካቸው ያቆዩልን እነዚህ ምላሾች ስለ መጋዚ በእጃችን ካሉት ጽሑፎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ ናቸው።

እዚህ ላይ የጸሐፊው ሕይወት ለንባባችን ይጠቅማል። ጠያቂው የኡመያ ቤተሰብ ኸሊፋ ነው፤ ጥያቄው ስለ አቡ ሱፍያንና ስለ ንግድ ጓዛቸው ነው፤ መላሹ ደግሞ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ነው። ዑርዋ በዚህ ምላሻቸው ኸሊፋውን ለማስደሰት የቤተሰቡን ሽማግሌ ድርሻ አልደበቁም፤ ቂማቸውን ለመወጣትም አላጋነኑትም። የበድር ምክንያት የአቡ ሱፍያን ጓዝ እንደነበረ በቀላል ቋንቋ ተናገሩ። ሰውዬው በምን ሁኔታ ውስጥ ሆነው እንደጻፉ ያላወቀ አንባቢ ይህን ሚዛናዊነት ሊያየው አይችልም።

ኢብኑ ኢስሐቅ፦ ከመዲና ወደ ባግዳድ

ሙሐመድ ኢብኑ ኢስሐቅ በ85 ዓ.ሂ. ገደማ በመዲና ተወለዱ። አያታቸው ያሳር በ12 ዓ.ሂ. በዒራቅ ዐይኑ ተምር በተባለ ሥፍራ የተማረኩና ወደ መዲና የመጡ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ከሁሉም በላይ የሚነበበውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመቻዎች ታሪክ የሰበሰቡልን የምርኮኛ የልጅ ልጅ ናቸው። አባታቸውም ዘጋቢ ነበሩ። ከኢማም ዙህሪ ተማሩ፤ በ115 ዓ.ሂ. ወደ እስክንድርያ ተጉዘው ከየዚድ ኢብኑ አቢ ሐቢብ ሰሙ።

በመዲና ግን አልቆዩም። ሒሻም ኢብኑ ዑርዋ ከሚስታቸው ከፋጢማ ቢንቱል ሙንዚር ሰምቻለሁ ማለታቸውን ተቃወሙ። ኢማም ማሊክም በብርቱ ቃል ነቀፏቸው። ኢብኑ ኢስሐቅ በበኩላቸው በማሊክ ዕውቀት ላይ ንቀት ያለበት ንግግር መናገራቸው ይወሳል። ከነቀፌታው ምክንያቶች አንዱ ኢብኑ ሒባን እንደገለጹት፣ ኢብኑ ኢስሐቅ የኸይበርንና የበኑ ቁረይዛን ታሪክ ከሰለሙ የአይሁድ ልጆች መሰብሰባቸው ነው። በዚህ ክርክር ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። ለሐላልና ሐራም ሕግ ጥብቅ ሰነድ የሚሻው ማሊክ ይህን መጥላታቸው ከሙያቸው የሚጠበቅ ነበር። ለዘመቻ ታሪክ ግን የተሸናፊውን ወገን ልጆች መጠየቅ ጠቃሚ ነው፤ ምሽጉ ምን ይመስል እንደነበር፣ በውስጡ ምን ምክክር እንደተደረገ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

ኢብኑ ኢስሐቅ ወደ ኩፋ፣ ወደ ጀዚራና ወደ ረይ ተጉዘው በመጨረሻ ለዐባሳዊው ኸሊፋ መንሱር ጻፉ፤ በ150 ወይም በ151 ዓ.ሂ. በባግዳድ አረፉ። ሥራቸው በሰፊው የደረሰን በተማሪያቸው በዚያድ አልበካኢ በኩል አልፎ በኢብኑ ሒሻም እጅ ታርሞ ነው። ኢብኑ ሒሻም በመግቢያቸው ምን እንደቀነሱ በግልጽ ተናግረዋል፦ የግጥም ሊቃውንት የማያውቋቸውን ግጥሞች፣ ለመናገር የሚያሳፍሩትን፣ አንዳንድ ሰዎችን የሚያስከፋውን፣ በካኢ ያላረጋገጡላቸውን። ስለዚህ መድረሳ ውስጥ “ኢብኑ ኢስሐቅ እንዲህ አሉ” ስንል በሦስት ሰዎች እጅ ያለፈ ቃል መሆኑን ለደረሳዎቻችን መንገር ይገባናል። ኢብኑ ሒሻም ራሳቸው ያልደበቁትን እኛ የምንደብቅበት ምክንያት የለም።

ወቂዲ፦ ነጋዴ፣ መንገድ መሪ፣ ቃዲ

ከመጋዚ ጸሐፍት ሁሉ የሕይወት ታሪካቸው በዝርዝር የደረሰን ሙሐመድ ኢብኑ ዑመር አልወቂዲ ናቸው። በ130 ዓ.ሂ. በመዲና ተወለዱ። መተዳደሪያቸው የስንዴ ንግድ ነበር፤ በሙዳረባ የተቀበሉት የሰዎች ገንዘብ 100,000 ዲርሃም በእጃቸው ጠፋና ባለዕዳ ሆኑ። ኸሊፋው ሃሩን አርረሺድ ከሚኒስትራቸው ከየሕያ አልበርመኪ ጋር ለሐጅ በመጡ ጊዜ በመዲና ያሉትን የተከበሩ ሥፍራዎች የሚያሳያቸው ሰው ሲፈልጉ ወደ ወቂዲ ተመሩ። በ180 ዓ.ሂ. ዕዳው ሲከብዳቸው ወደ ዒራቅ ሄደው የየሕያን እርዳታ ያገኙት በዚሁ ትውውቅ ነው። በመእሙን ዘመን የምሥራቅ ባግዳድ ቃዲ ሆኑ፤ በዚሁ ሹመት ላይ እያሉ በ207 ዓ.ሂ. አረፉ። 600 የመጽሐፍ ሣጥን መተዋቸውና ሁለት አገልጋዮች ሌሊትና ቀን ይገለብጡላቸው እንደነበር ተዘግቧል።

የሥራ ዘዴያቸው ልዩ ነበር። ከሰሓባዎችና ከሸሂዶች ልጆች እንዲሁም ከነፃ ካወጧቸው ሰዎች መካከል ያገኙትን ሁሉ፣ ዘመድህ የት እንደተገደለ ሰምተሃል ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ ከነገሯቸውም ሥፍራው ድረስ ሄደው ያዩታል። ወደ ሙረይሲዕ ሄደዋል፤ የውኃ ኮዳቸውን ይዘው ወደ ሑነይን ሲወጡም የተመለከታቸው ሰው ተናግሯል። መንገዱን፣ የውኃውን ርቀት፣ የሠራዊቱን ማረፊያ፣ ቀኑንና ወሩን በሚያስደንቅ ዝርዝር የጻፉት ከዚህ የተነሣ ነው።

የሐዲሥ ሊቃውንት ግን ፈርደውባቸዋል። ኢማም አሕመድ በውሸት ከሰሷቸው፤ ኢማም ቡኻሪ ከተተዉት ዘጋቢዎች ቆጠሯቸው። የተለያዩ ሰዎችን ዘገባ በአንድ ላይ አቀላቅለው አንድ ትረካ ማድረጋቸው ከክሶቹ ዋነኛው ነው። ኢማም ዘሀቢ ድካማቸውን ካረጋገጡ በኋላ በመጋዚና በሰሓባዎች ዘመን ታሪክ ያለ እርሳቸው እንደማይቻል ተናግረዋል። እርስ በርሱ የሚቃረን ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ፍርዶች ከሰውዬው ሕይወት ጋር ይገጥማሉ። ያ ሥፍራ ለሥፍራ የሚዞር፣ የሰማውን ሁሉ የሚሰበስብ፣ ሁለት ጸሐፊ የቀጠረ ሰው ለእያንዳንዱ ቃል ሰነድ ለይቶ ለመያዝ አልተጨነቀም፤ ሥፍራንና ጊዜን ለመለየት ግን ከማንም በላይ ተጨንቋል።

አንድ ምሳሌ፦ የሙረይሲዕ ዘመቻ ዓመት

ሚዛኑ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እናሳይ። የሙረይሲዕ ዘመቻ በኢብኑ ኢስሐቅ ዘንድ በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ በሻዕባን ወር፣ በወቂዲ ዘንድ ደግሞ በ5ኛው ዓመት በሻዕባን ወር ነው። ልዩነቱ ቀላል ቁጥር ይመስላል። ይሁንና በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ላይ የተነዛው የሐሰት ወሬ የተነሣው ከዚሁ ዘመቻ ሲመለሱ ነው። በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲሥ በዚህ ጉዳይ ላይ ከተናገሩት ሰዎች አንዱ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) ናቸው። ሰዕድ ግን በኸንደቅ ቆስለው ከበኑ ቁረይዛ ጉዳይ በኋላ አርፈዋል፤ ይህም በ5ኛው ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ዘመቻው በ6ኛው ዓመት ከነበረ ሰዕድ በሕይወት አልነበሩም ማለት ነው። በኢብኑ ኢስሐቅ ዘገባ ውስጥ የሚናገሩት ኡሰይድ ኢብኑ ሑደይር (ረ.ዐ.) ሲሆኑ ሰዕድ አልተጠቀሱም። የወቂዲ ቀን ግን ከሰሒሑ ሐዲሥ ጋር ይስማማል፤ ኢብኑል ቀይምና ኢብኑ ሐጀር 5ኛውን ዓመት መምረጣቸውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በሐዲሥ ሚዛን ጠንካራ የሚባለው ጸሐፊ እዚህ ላይ ሲቸገር ደካማ የተባለው ጠቀመን። ከዚህ ተነሥተን ወቂዲን ለሕግ ማስረጃ እናምጣ አንልም፤ ያ በር የተዘጋ ነው። የምንለው ይህ ነው፦ በመስኩ የተመላለሰ ሰው ስለ ቀንና ሥፍራ የጻፈውን፣ ሰነዱ ደካማ ነው በሚል አንድ ቃል ብቻ የሚያልፍ አስተማሪ፣ ሰሒሕ ሐዲሥን ለመረዳት የሚያግዘውን መረጃ በገዛ እጁ ይጥላል። በተቃራኒው፣ በወቂዲ ስም የሚሰራጨውን “ፉቱሑሽ ሻም” እንደ እርሳቸው ሥራ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል፤ መጽሐፉ በእርሳቸው ስም የተለጠፈ የኋላ ዘመን ሥራ መሆኑን አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ያምናሉ። የሕይወቱንና የሥራውን ዘዴ ያወቀ ሰው ሁለቱን መጻሕፍት በማነጻጸር ብቻ ልዩነቱን ያያል።

ዐረብ ፈቂህና የእኛ ቸልተኝነት

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኢማም አሕመድ ኢብኑ ኢብራሂምን ዘመቻ የጻፉት ሺሃቡዲን አሕመድ ኢብኑ ዐብዱልቃዲር፣ በቅጽል ስማቸው ዐረብ ፈቂህ፣ የደቡብ ምዕራብ ዐረቢያዋ የጂዛን ሰው ናቸው። መጽሐፋቸው “ፉቱሑል ሐበሻ” በመባል ይታወቃል። ሬኔ ባሴ በፈረንሳይኛ፣ ኋላም በ2003 እ.ኤ.አ. ፖል ስቴንሃውስ በእንግሊዝኛ አውጥተውታል። በእጃችን ያለው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው፤ በ935 ዓ.ሂ. (1529 እ.ኤ.አ.) የተደረገውን የሽምብራ ኩሬ ውጊያ በሰፊው ይዘግባል፤ ኢማሙ በ1543 እ.ኤ.አ. ወደ ወደቁበት ቀን ግን አይደርስም። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው የድሉን ምዕራፍ አንብቦ የሽንፈቱን ሳያይ ይቀራል።

ይህን መጽሐፍ በሁለት ወገን ያለ ሚዛን ሲጠቀሙበት እናያለን። አንዱ ወገን የድል መዝገብ አድርጎ ለኩራት ይጠቅሰዋል። ሌላው ወገን ደግሞ በውስጡ ያለውን የአብያተ ክርስቲያናት ቃጠሎ እየጠቀሰ በዛሬው ሙስሊም ላይ ክስ ያቀርብበታል። ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ጸሐፊው ማን እንደነበሩ አይጠይቁም። ጥያቄው ለመስጊድ ኢማምና ለመድረሳ መምህር በየጊዜው ይቀርባል፤ ብዙዎቻችንም መልስ አጥተን ወይ መጽሐፉን ጨርሰን እንክዳለን፣ ወይ ሙሉ በሙሉ እንቀበለዋለን።

ቀደምት ዑለማ በኢብኑ ኢስሐቅና በወቂዲ ላይ ያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህም ማንሣት እንችላለን። ጸሐፊው የማን ወገን ነበሩ? የኢማሙ አድናቂ መሆናቸውን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ በምርቃታቸው ይገልጻሉ፤ አይደብቁም። አጻጻፋቸውስ ከየት መጣ? ከፉቱሕ መጻሕፍት ባህል ነው፤ በዚያ ባህል የሠራዊት ቁጥር ይበዛል፣ ከውጊያ በፊት ረዣዥም ንግግር ይደረጋል፣ ጀግኖች አንድ ለአንድ ይገጥማሉ። ስለዚህ ቁጥሮቹንና ንግግሮቹን እንደ መዝገብ መያዝ አይገባም። የራሳቸውን ወገን ድካም ይናገራሉ ወይ? አዎን፤ በሠራዊቱ መካከል የነበረውን አለመስማማትና ዘማቾቹ ከድል በኋላም ወደ አገራቸው ለመመለስ መፈለጋቸውን ጽፈዋል። አድናቂ የሆነ ጸሐፊ የሚያደንቀውን ሠራዊት ችግር ሲናገር ያ ዘገባ ከፍ ያለ ክብደት ይሰጠዋል። ኡሑድን የዘገቡት ሙስሊም ጸሐፍት የቀስተኞቹን ስሕተትና የሸሂዶችን ስም ሳይደብቁ መመዝገባቸው ለመጋዚ ተአማኒነት የጠቀመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይኸው ሚዛን በሌላው ወገንም ይሠራል። ከክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ጋር የዘመቱት ፖርቱጋላዊው ሚጌል ደ ካስታንዮዞ ያዩትን ጽፈው መጽሐፋቸው በ1564 እ.ኤ.አ. በሊዝበን ታትሟል። እርሳቸው ወታደር ነበሩ፤ የአዛዣቸው ወዳጅም ነበሩ። የዐይን ምስክርነታቸውን እንቀበላለን፤ ስለ አዛዣቸው የሚያቀርቡትን ውዳሴ ደግሞ እንደ ወዳጅ ቃል እናነባለን። ለዐረብ ፈቂህ የምንነፍገውን ለካስታንዮዞ ከሰጠን፣ ወይም ለካስታንዮዞ የምንነፍገውን ለዐረብ ፈቂህ ከሰጠን፣ ያ ሚዛን መሆኑ ቀርቶ ወገንተኝነት ይሆናል።

አንድ ተቃውሞና ምላሹ

አንዳንድ ወንድሞቻችን የጸሐፍቱን ዕዳ፣ ጠብና ከገዢዎች ጋር የነበራቸውን ቅርበት በሕዝብ ፊት መናገር ተራውን ምእመን በሲራ ላይ እንዲጠራጠር ያደርጋል ይላሉ። ስጋቱን እናከብራለን፤ ለሚንበር የሚሆንና ለመድረሳ የሚሆን ነገር እንደሚለያይም እናምናለን። ነገር ግን ይህን ሁሉ የነገሩን የእስልምና ጠላቶች አይደሉም። የወቂዲን ዕዳ የነገሩን ጸሐፊያቸውና ተማሪያቸው ኢብኑ ሰዕድ ናቸው። ኸጢብ አልባግዳዲ ውዳሴያቸውንና ነቀፌታቸውን በአንድ ምዕራፍ ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። ኢብኑ ሰይዲን ናስ በሲራ መጽሐፋቸው መግቢያ ላይ በኢብኑ ኢስሐቅና በወቂዲ ላይ የቀረቡትን ክሶች ዘርዝረው ከመለሱ በኋላ ነው ወደ ትረካው የገቡት። እነርሱ ለአንባቢያቸው የታመኑትን ያህል እኛም ለደረሶቻችን ልንታመን ይገባናል። ዛሬ ወጣቱ እነዚህን ክሶች በስልኩ ላይ ከማያውቀው ሰው ይሰማል፤ ከኡስታዙ ቀድሞ ቢሰማው ይሻለዋል።

ስለዚህ የመጋዚ ኪታብ የሚያስቀሩ መምህራን፣ ወደ መጀመሪያው ዘመቻ ከመግባታቸው በፊት አንድ ትምህርት ለጸሐፊው ሕይወት እንዲሰጡ እንጠይቃለን፦ ሥፍራውን አይቷል ወይ? ከማን ሰማ? በማን ድጋፍ ጻፈ? የወገኑን ሽንፈት መዝግቧል ወይ? ኢማሞችም ስለ ኢማም አሕመድ ዘመን በሚጠየቁ ጊዜ ከመካድና ከመኩራት ይልቅ እነዚህን ጥያቄዎች ከጠያቂው ጋር አብረው እንዲያነሡ እንመክራለን። በመጋዚ መጻሕፍት ውስጥ የውጊያ ዜና ብቻ የለም። ስደተኞች በሐበሻ ንጉሥ ጥላ ሥር ሆነው የእርሱን ድል በጭንቀት የጠበቁበት፣ ዙበይርም ከወንዙ ማዶ ልብሳቸውን እያውለበለቡ ያበሠሩበት ዘገባም በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ተመዝግቧል። ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ያነበበ መምህር ስለ ዐረብ ፈቂህም ለጎረቤቱ በእውነት መናገር ይችላል።

ወላሁ አዕለም።